የአሶሳ ሰው ልብ ሲጫን

ማሪያም አብዱልሐሚድ በቲሸርት ማተሚያ ሱቄ ከእኔ ጋር መሥራት ከጀመረች ወዲህ በአሶሳ ሰው ደረት ላይ ያልሣለችው ነገር የለም። የእግር ኳስ ቡድኑን ቁጥር፣ የተመራቂዎቹን ቆብ፣ የሙሽራና የሙሽሪትን ስም፣ «እጃችንን እንታጠብ» የሚለውን የጤና ዘመቻ፣ ሁሉንም ሠርታለች። የእሷ ስም ግን አንዱም ላይ የለም። ደንበኛው ቲሸርቱን ለብሶ መስታወት ፊት ይዞርና «ኦብሴ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይለኛል። እጁ እኮ የእኔ አይደለም። እኔ ሂት ፕሬሱን ተጭኜ ቀለሙ ጨርቁ ላይ እስኪጣበቅ የምጠብቅ ሴት ነኝ፤ እሱንም ቢሆን ወሬ ከያዝኩ አሳርረዋለሁ።

የ«ክርና ቀለም»ን ውድድር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ክርና ቀለም አዲስ አበባ ያለ ኦንላይን ሱቅ ነው። በርና መስኮት የለውም፤ ያለው የቴሌግራም ቻናል ነው። በየወሩ «አዲስ የወጣ» ብሎ ቲሸርት ይለጥፋል፣ ወጣቱ ይሻማበታል፣ እኛም አሶሳ ቁጭ ብለን ዓይናችንን እናበላለን። ያን ሰሞን ግን «የመጣችሁበትን አገር በአንድ ቲሸርት አሳዩን» የሚል ውድድር አወጣ። ያሸነፈው ሥዕል ታትሞ ይወጣል፤ አንገቱ ላይ ከውስጥ በኩል የሠዓሊው ስም ይጻፋል። ከዚያ በኋላም ሠዓሊው ባለበት አገር ተቀምጦ በየጊዜው ሥዕል እንዲልክላቸው ይዋዋሉታል። ይህን ለማሪያም ሳነብላት እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጠች።

ዙምባራ ሣለች። ዙምባራን ለማያውቅ፣ በርታዎች ቅል በቅል ላይ እየቀጠሉ የሚሠሩት ረጅም መለከት ነው። አንዱ ነፊ ያለችው አንድ ድምፅ ብቻ ናት፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የዙምባራ ሥዕል በየቢሮው ግድግዳ ሞልቷል፣ ሁሉም ከፊት ለፊት የተሣለ። ማሪያም የሣለችው ከላይ ነው፣ ማንጎ ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ ቁልቁል ሲያይ እንደሚታየው። የነፊዎቹ ራስ ክብ ሠርቷል፣ መለከቶቹ ወደ ውጭ ተዘርግተዋል፣ ጥቁር ቲሸርት ላይ የእኛን አፈር በሚመስል ቀይ። ሳየው የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ ተውኩት። የሚያውቀኝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አባቷ አባ አብዱልሐሚድ በእህልና በሰሊጥ ንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። አሁን ሚዛናቸውን ለወንዶቹ ልጆቻቸው አስረክበው መስጊዱ አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር ከጓደኞቻቸው ጋር ይውላሉ። ታናሽ ወንድማቸው ዋሊድ ደግሞ ኩርሙክ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ሱቅ አለው። ዓይኑ እየደከመበት ሲመጣ «የቤት ሰው ላክልኝ፣ ሱቄን ለባዳ አልሰጥም» ብሎ ለመናቸው፤ እሳቸውም ክረምቱ ሲወጣ ሰው እልካለሁ ብለው ቃል ሰጡት። ወንዶቹ ትዳርም ሥራም ይዘዋል። ያላገባችው፣ ሒሳብም የምትችለው ማሪያም ናት። ስሟ ባይጠራም ማን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ እሷም ጭምር።

የውድድሩን ወሬ ሲሰሙ ሱቃችን ድረስ መጡ። አባ አብዱልሐሚድ አማርኛቸው ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ»ና «እሱ» ነው የሚሉት፤ ለምደነዋል።

«ኦብሴ፣ ና፣ ይኼን ነገር አሳየኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ዙምባራውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ማሪያም፣ ይኼን አንተ ሠራ?»

«አዎ፣ ያባ።»

«ወላሂ፣ ጎበዝ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስማ። ሰዎች የማሪያም ሥዕል ከመረጠ፣ ማሪያም እዚህ ይቀራል። ለዋሊድ እኔ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ካልመረጠ ግን ኩርሙክ ይሄዳል። እንዲህ ይሁን?»

ማሪያም «እሺ» አለች። እኔ በሆዴ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩ። ከመላው አገር ከሚላከው ሥዕል መካከል የእኛ ሊታይ? ግን ታየ። ለመጨረሻው ዙር አሥራ ሁለት ሥዕሎች ተመርጠው ቻናሉ ላይ ሲለጠፉ የማሪያም ዙምባራ አንዱ ነበር። ሱቁ ውስጥ እልል ስል አንድ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ሰውዬ መታወቂያውን ጥሎ ሊሮጥ ነበር።

የቀሩትን ተፎካካሪዎቻችንን አየኋቸው። ጀበና የሌለበት የቲሸርት ውድድር እስካሁን ስላልተፈጠረ ጀበና ነበር፣ መነጽር ያደረገ አንበሳም ነበር። ከግልገል በለስ ብሩክታይት የምትባል ልጅ የላከችው ሥዕል ከሁሉም ቀድሞ ተለጥፏል፤ ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ ከፊትና ከኋላ ሸክም ያንጠለጠለች የጉሙዝ ሴት ናት። ጥሩ ሥዕል ነው፣ ግን የሚመርጠው ሰው አላገኘም። የሚያስፈራው የአዲስ አበባው ነበር፤ ሰማያዊ ሚኒባስ ታክሲ፣ በሩ ላይ ግማሽ ሰውነቱ ውጭ የሆነ ረዳት። የአዲስ አበባ ሰው ከታክሲ ጋር ያለውን ነገር ታውቃላችሁ። ሲያማርረው ይውላል፣ ሲሣል ደግሞ ያለቅስለታል።

ደንቡ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ቀይ ልብ አለ፤ እስከ ዓርብ ምሽት ብዙ ልብ የተጫነለት ያሸንፋል። እኔም ሥራዬን ትቼ ዘመቻ ወጣሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልኩ የባጃጅ ሾፌሮቹን፣ የቡድኑን ተጫዋቾች፣ ቲሸርት ያሳተመ ሙሽራ ሁሉ ከነሚዜዎቹ ቻናሉ ውስጥ ከተትኳቸው። ባምባሲ ያሉት ዘመዶቼ አልቀሩም። ትልቁን ሥራ የሠሩት ግን አባ አብዱልሐሚድ ናቸው። ማንጎው ሥር ያሉት ሽማግሌዎች ስልክ የያዙት የሱዳን ዘመዶቻቸውን ድምፅ ለመስማት ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ «ግቡ» ካሉ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የወንድም ልጅ ተከትሏቸው ይገባል። አባ አብዱልሐሚድ ከሶላት በኋላ እየቆሙ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ያየ ሰው፣ ይቺን ልጅ ኩርሙክ መላክ እንደማይፈልጉ ይገባዋል። ቃል ሰጡ እንጂ አልፈለጉም።

ረቡዕ ቁጥራችን ዘሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ ለስላሳ ጋበዝኩ። ከዚያ የታክሲውን ቁጥር አየሁ። እሱም ዘሎ ወጥቷል። ሐሙስ ጠዋት እኛ ወጣን፣ ታክሲውም ወጣ። ጀበናው ወጣ። አንበሳው ሳይቀር ወጣ። ገበያ ውስጥ ዋጋ ሲወደድ ሁሉም አንድ ላይ እንደሚወደደው፣ አሥራ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጡ ጀመር። ታክሲው ከእኛ የሚበልጥበት ልዩነት ግን ንቅንቅ አላለም።

«ማሪያም፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አልኩ። «አንድ የሚያጭበረብር አለ።»

ማሪያም የታክሲውን ሥዕል ከፍታ ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት አሳየችኝ። «ሰላም ከአሶሳ።» ወረድ ሲል «ሰላም ከአሶሳ፣ ከእነ ቤተሰባችን።» ጀበናውን ከፈትኩት፤ «ሰላም ዓለይኩም፣ ከአሶሳ።» አንበሳውም ሰላም ተብሏል። ስም እያየሁ ወረድኩ፤ ግማሹ ማንጎው ሥር የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው፣ ግማሹ የእነሱ ልጆች። ለታክሲውም ልብ የሰጡት የእኛው ሰዎች ናቸው!

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ማሪያምን ይዤ ማንጎው ሥር ሄድኩ። ተቆጥቼም ቢሆን እዚያ ከሄድክ ዞረህ የሁሉንም እጅ ሳትጨብጥ ወሬ አይጀመርም። ከዳር እስከ ዳር ጨበጥኩ። አንዱን ዘልዬ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ «ኦብሴ ምን አድርጌያት ነው?» ሲል ይከርማል። ያን ጊዜ ራሱ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ ግን ንዴት ያዘኝ።

«አባ አብዱልሐሚድ፣ ልብ የተጫኑት ለማን ነው?»

«ለሁሉ» አሉ።

«እንዴት ለሁሉ?»

«ለሁሉ ነዋ! አሥራ ሁለት ሰው እዚያ ተቀምጧል። እኔ ገብቼ ልጄን ብቻ ሰላም ብዬ ልውጣ? እኔ እብድ ነኝ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ በእኔ።

«ሰላምታ አይደለም እኮ! ምርጫ ነው!»

«ልብ ነው፣ ኦብሴ። አየሁት፣ ልብ ነው። ለአንድ ሰው ልብ ሰጥቶ ሌላውን ማለፍ ነውር ነው።»

«ልጅዎን በገዛ እጅዎ ኩርሙክ እየሰደዷት ነው!» አልኩ። ጮኼም ነበር መሰለኝ፤ ሳቁ ቀጥ አለ።

አባ አብዱልሐሚድ ማሪያምን አዩ፣ እኔን አዩ። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ዕድሜ ልካቸውን ሚዛን የያዙ ሰው ናቸው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ሁለቱም ጎን እኩል ጫንኩ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ። ግን ገና ነው፤ እስከ ምሽት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ደግመው ሲነኩት ልቡ ይነሳል። እርስዎና እነዚህ ሁሉ፣ ልጆቻችሁም፣ ከታክሲው ላይ ብቻ አንሡ። አሸነፍን ማለት ነው።»

«ታክሲውን ብቻ?» ነውር ነገር የሰሙ ይመስል አዩኝ። «ከሁሉ ከወሰድኩ ሰው ‹ሽማግሌ ነው፣ ተሳስቷል› ይላል። ከአንድ ሰው ብቻ ከወሰድኩ ግን ጠብ ነው። ያ ልጅ ምን አደረገኝ?»

«እሺ፣ ከማሪያም በቀር ከሁሉም ያንሡ!»

አባ አብዱልሐሚድ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማሪያም፣ አንተ ምን ይላል?»

ማሪያም አባቷ ፊት «አልፈልግም» ብላ አታውቅም። «አንሳው፣ ያባ» አለች። «ኩርሙክ መሄድ አልፈልግም። መሣል ነው የምፈልገው።»

አባ አብዱልሐሚድ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን አወጡ። ጓደኞቻቸውም አንድ በአንድ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ማንም አላጉረመረመም። ለእሷ ሲሉ ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። አባ አብዱልሐሚድ ቻናሉን ከፍተው ከመጀመሪያው ሥዕል ጀመሩ፤ ከግልገል በለሷ። በአውራ ጣታቸው ነኩት፤ ቀዩ ልብ ጠፋ፣ ቁጥሩ በአንድ ቀነሰ። ወደ ሁለተኛው ሊያልፉ ሲሉ ማሪያም እጃቸውን ያዘች።

«እሷን ተዋት።»

«ለምን?»

ማሪያም ስልኩን ተቀብላ ብሩክታይት ከሥዕሏ ሥር የጻፈችውን አነበበችላቸው። ሐሙስ ጠዋት አንብባው ኖሯል፣ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። እንዲህ ይላል፦ «አሶሳ ዘመድ የለኝም። ከአሶሳ ሰላም የምትሉኝ እነማን ናችሁ? እኛ መተከል ላይ ያሳለፍነውን አሳልፈን፣ እንዲህ ተሰብስቦ ሰላም የሚለን ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። አባቴን ጠርቼ አንድ በአንድ አነበብኩለት። እግዜር ይስጥልን።»

አንደኛው ሽማግሌ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

እኔ ግን አልተሸነፍኩም። «ጥሩ፣ እሷን ተዉላት! መጨረሻ ናት፣ እኛን አትጎዳም። የቀሩትን አንሡ።»

«እሷን ሰላም ብዬ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ልንጠቅ?» አሉ አባ አብዱልሐሚድ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት መላው ጠፍቷቸው ነው የጠየቁኝ።

ማሪያም የግልገል በለሷን ልብ መልሳ ተጫነችላት። ስልኩን አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችና «የሙሽሮቹ ቲሸርት አልደረሰም፣ ልሂድ» ብላ ወደ ሱቅ ሄደች። ተከትያት እየሄድኩ መንገዱን ሙሉ ስቆጣ፣ ስለምናት፣ ሳጉረመርም ነበር። እሷ «እሺ ኦብሴ፣ እሺ» ብቻ። ዓርብ ምሽት ታክሲው አሸነፈ። እኛ ሁለተኛ ወጣን። ክርና ቀለም ለሁለተኛ የሚሰጠው ነገር «እንኳን ደስ አላችሁ» ነው።

ቅዳሜ ማሪያም እንደ ሌላው ቀን መጥታ ሂት ፕሬሱን ወለወለች፣ የሙሽሮቹን ስም አተመች። እኔ ሂት ፕሬሱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ፣ ሁለት ቲሸርት አሳረርኩ። እንደ እኅቴ ነበረች። ሌላ ሠራተኛ አገኝ ይሆናል፣ እሷን ግን አላገኝም፤ እሷም ኩርሙክ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነች ስትውል መሣሉ እየራቃት እንደሚሄድ አውቄዋለሁ። ይህን ሁሉ ለአባ አብዱልሐሚድ ልነግራቸው ቃሉን ስደረድር እሳቸው በበሩ ገቡ።

«ሰላም ዓለይኩም» ብለው የእኔንም የደንበኛውንም እጅ ጨበጡና ተቀመጡ። «ለዋሊድ ደወልኩ» አሉ። «ነገ ጠዋት መኪና ስላለ ሰው ይሄዳል አልኩት።»

«ነገ?» አልኩ። «ክረምቱ ሲወጣ አላሉም?»

«አስተውል፣ ኦብሴ። ሚዛን ያበላሸ ነጋዴ ሽያጩ ይፈርሳል። እኔ ከማሪያም ጋር ውል ገባሁ፣ ‹ሰው ከመረጠ ይቀራል› አልኩ። ከዚያ ሚዛኑን ራሴ አበላሸሁት። እንግዲህ ማሪያም ተሸነፈ ማለት አልችልም። ማሪያም አይሄድም።»

ማሪያም ከኮምፒውተሩ ተነሣች። «አጎቴስ?»

«ለዋሊድ የቤት ሰው እልካለሁ ብያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ እሄዳለሁ። ክረምቱን ከጠበቅኩ ማንጎው አይለቀኝም።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አባ አብዱልሐሚድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከመስጊድ እስከ ቤት በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው። የኩርሙክ ሙቀት ወጣቱን ያዝላል። ንግድ በቃኝ ብለው የተቀመጡትም ከእነዚያ ሽማግሌዎች ጋር ማንጎው ሥር ለመዋል ነው፤ ሌላ ነገር አልለመኑም። ማሪያም «ያባ፣ እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ቁጭ በል» ብላ እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው። በራሳቸው ቋንቋም ብዙ አለቻቸው። እኔም ስቆጣባቸው የከረምኩት ሴትዮ ተንበርክኬ ለመንኳቸው። «ኢንሻአላህ ደህና ነኝ፣ ሱቅ መጠበቅ መቀመጥ ነው» አሉን። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ያን ሥዕል እዚህ አትሙት። አዲስ አበባ ካልወጣ አሶሳ ይውጣ» አሉ።

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናቸው። ማንጎው ሥር የሚውሉት ሁሉ መጥተው ነበር። ኩርሙክ የሚሄደው መኪና ሞልቶ ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋም፣ አባ አብዱልሐሚድ ከሸኚዎቹ ጋር ሲጨርሱ የተሳፋሪውን፣ የተሳፋሪውን ሲጨርሱ የረዳቱን እጅ እየጨበጡ ነበር። ከመስኮቱ በመጨረሻ ማሪያምን ሰላም አሏት። እጇን ቶሎ አልለቀቁትም።

መኪናው ከወጣ በኋላ ማሪያም እዚያው ቆማ ቀረች። እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

«ያን ቀን ሁሉንም ልብ አስነሥቼ ቢሆን ኖሮ ያባ አሁን ማንጎው ሥር ይሆን ነበር» አለችኝ። «አሥራ አንዱንም። የግልገል በለሷንም ጭምር።»

ክንዷን ያዝኳት፣ ቀስ እያልን ሄደን ሱቁን ከፈትን።